ጆሮውን የነካ ይግባ

ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ዘርይሁን ሕልም አየ። ያየው በራሱ አልጋ ላይ፣ በራሱ ትራስ ነው፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ሕልሙ የኔ አይደለም፣ የናርዶስ ነው፤ ተሳስቶ እኔ ጋ መጣ» ይላል። ናርዶስ ልጁ ናት። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ሰኞ ኬጂ ትገባለች።

ሕልሙን ከማውራቴ በፊት ጥፋቱን ልናገር። ዘርይሁን የኮስተር ሾፌር ነው። ክረምቱን ሙሉ የሰው ቤተሰብ ጭኖ ሲያዝናና ከረመ። ዛሬ ላንጋኖ፣ ነገ ሶደሬ፣ ከነገ ወዲያ ወንጪ። የሰው ልጅ ዋና ሲለምድ ፎቶ አንሺው እሱ ነው፤ የሰው ልጅ መንገድ ላይ ሲያስመልሰው ፌስታል አቀባዩም እሱ ነው። የገዛ ልጁ ግን ሐይቅ የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሰኔ ላይ ቢሾፍቱ እወስድሻለሁ አላት። መቼ ብትለው ቅዳሜ አላት። ቅዳሜ ሲደርስ የመኪናው ባለቤት ጋሽ ተሰማ በጠዋት ይደውላሉ፤ ዘርይሁንም «አቤት ጋሼ» ብሎ ቁልፉን አንስቶ ውልቅ ይላል።

ልጅ ደግሞ አይረሳም። ጥያቄዋ ሲበዛበት መላ ዘየደ። እሱ በልጅነቱ፣ ደብረ ሲና አካባቢ፣ ትምህርት ቤት የገባው በጆሮው ነው። ያኔ የልደት ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ግራ ጆሮህን ከነካህ ደርሰሃል፣ ትመዘገባለህ፤ ካልነካህ ለከርሞ። ይህንኑ ለናርዶስ አሳያትና ጆሮሽን የነካሽ ቀን ቢሾፍቱ እንሄዳለን አላት። የአራት ዓመት ልጅ እጅ እንደማይደርስ አሳምሮ ያውቃል! ሚስቱ ወይንሸት ተው፣ ነውር ነው ብላው ነበር፤ አልሰማትም። ናርዶስ ግን ነገሩን የምር ያዘችው። በየማለዳው መስታወት ፊት ቆማ እጇን በአናቷ ላይ ትዘረጋለች፣ ምላሷን አውጥታ ትንጠራራለች፣ ጣቶቿም ከአናቷ ትንሽ ወርደው ይቆማሉ። ከዚያ ሄዳ ቁርሷን ትበላለች።

እንዲህ እንዲህ ሲል ክረምቱ አለቀ። የቀረችው አንዲት ቅዳሜ ናት። ከዚያ ወዲያ እሷም ተማሪ፣ ኮስተሩም የተማሪ ሰርቪስ ነው።

በሕልሙ ናርዶስ የአባቷን ጃኬት ለብሳ፣ የመኪና ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች አልጋው አጠገብ ቆመች። ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ሽንትህን ሽና፣ ኋላ መንገድ ላይ ሽንቴ መጣ እንዳትለኝ አለችው። ዘርይሁን ሊነሳ ቢል እግሩ እምቢ አለው። ዳዴ እያለ እስከ በሩ ሄደ። የበሩን ጠርዝ ይዞ፣ እየተንገዳገደ፣ እንደምንም ቆመ። ወይንሸት ከጓዳ እየሮጠች ወጣች፤ ናርዶስም ቁልፉን ጥላ አጨበጨበች፤ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» አሉለት።

ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለው። ናርዶስ የቆመች ዕለት እሱ ላንጋኖ ነበር። ወፌ ቆመች ያላት በስልክ ነው፣ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ።

ኮስተሩ ደጅ ቆሟል። መኪናው አይሄድም፤ የሚሄደው መንገዱ ነው። ናርዶስ መሪውን ይዛ ቁልፉን ስታዞር አስፋልቱ ተንቀጠቀጠና ተነሳ። ቃሊቲ እየሮጠ መጥቶ በመስኮቱ አለፈ። አቃቂም አለፈ። ዱከም ግን ፍሬን ይዞ ቆመና በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ወራጅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዘርይሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሲነዳ ከተማ ሲያናግረው የመጀመሪያው ነው። በከተማው ስጋ ቤቶች በር ላይ በሬዎች ነጭ ጋዋን ለብሰው ለተሰለፈው ሰው ጎመን በኪሎ ይመዝናሉ። አንዱ በሬ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ለስላሳ ለስላሳው አልቋል፣ ግንዱን ልቁረጥልህ ይለዋል። ሰውየው ግንዱንም ተመስገን ብሎ ተቀበለ።

ዘርይሁን አፉን ከፍቶ ያያል። ሁሉንም ማወቅ አማረው።

«መንገዱ ለምንድነው የሚሄደው?» አላት።

«ስለሚሄድ።»

«ማን ነው የሚገፋው?»

«የኔ ልጅ፣ እየነዳሁ ነው» አለችው።

ይቺን መልስ ያውቃታል። የራሱ ናት። አፍሮ በመስኮቱ ላይ በትንፋሹ ጉም ሠርቶ በጣቱ ክብ ክብ ይስል ጀመር።

ቢሾፍቱ መጥታ እግራቸው ሥር ቆመች። ሐይቁ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። አንድ ዳክዬ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ ከአናቱ በላይ «ጆሮውን የነካ ይግባ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አባቶች እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም የልጁን እጅ ይዟል። ሰልፉ ውስጥ የሚያለቅስ አለ፣ ብስኩት የሚለምን አለ፣ ደክሞኛል ብሎ መሬት ላይ የተዘረጋም አለ። ከፊታቸው ጋሽ ተሰማ ቆመዋል፤ ቁምጣ ለብሰዋል፣ የልጅ ልጃቸው በመሐረብ አፍንጫቸውን ትጠርጋለች።

ዘርይሁን ጠጋ ብሎ ጋሼ፣ ውስጥ ምንድነው ያለው አላቸው። ጋሽ ተሰማ ውሃ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን አላየሁትም፣ ሦስት ቅዳሜ መለሱኝ አሉና ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ዘርይሁን ሊያስረዳቸው ፈለገ። እሱ እኮ ቢሾፍቱ ስንቴ መጥቷል! ሐይቅ ማለት፣ ሐይቅ ማለት… ቢያስብ ቢያስብ ትዝ የሚለው የመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው። ሰው ጭኖ ይመጣል፣ ያራግፋል፣ ጎማ ያጥባል፣ ጋቢናው ውስጥ ይተኛል። ለካ እሱም ሐይቁን አይቶት አያውቅም። ያኔ ማየት እንዴት እንዳማረው! ናርዶስን እሽኮኮ በይኝ ብሎ ነዘነዛት። አነሳችው፤ አልከበዳትም። ከትከሻዋ ላይ ሆኖ በቆርቆሮው አናት ሲያጮልቅ የሆነ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። ዓሦች ዳር ዳሩን ፎጣ አገልድመው ተቀምጠዋል፤ ልጆቻቸውን ወደ ደረቁ ርቃችሁ እንዳትሄዱ እያሉ ይቆጣሉ። ሌላ ሳያይ ተራው ደረሰና አወረደችው።

ዳክዬው እጅህን አንሳ አለው። ዘርይሁን ቀኝ እጁን አነሳ፣ በአናቱ ላይ ሰደደው። ያ አሥራ ሁለት ዓመት መሪ ያዞረ ክንድ መሐል አናቱ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ምላሱን አውጥቶ ተንጠራራ። ጭንቅላቱ እንደ ድፎ ዳቦ ሰፍቶበታል።

«ገና ነህ» አለ ዳክዬው። «ሌላ ቅዳሜ።»

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የረሳው ነገር መጣበት። እሱም አንድ ዓመት ተመልሷል። እኩዮቹ ሲገቡ እሱ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ እስኪመሽ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እናቱ መጥታ እየጎተተች ወሰደችው። እንዴት እንዳቃጠለው! አባባ ዳክዬ ብሎ ለመነው። ዛሬ ብቻ፣ ዳር ዳሩን ብቻ፣ ውሃውን አልነካም ብሎ ማለ።

«ደንቡ የኔ አይደለም» አለው ዳክዬው። «ያንተ ነው።»

ናርዶስ ቁጢጥ ብላ የሹራቡን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋችለት። አይዞህ፣ ቅዳሜ እንመጣለን አለችው። ቅዳሜ መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። ሲደርስ አለችውና ግንባሩን ስማው ወደ በሩ ሄደች። ሌሎቹም ልጆች ሄዱ። አባቶቹ ውጭ ቀሩ። በሩ ሲጢጥ እያለ መዘጋት ጀመረ፤ ከውስጥ የውሃ ድምፅና የልጆች ሳቅ ይሰማል፤ የናርዶስን ሳቅ ለየው። ዘርይሁን በግራ እጁ ቀኙን ይዞ ጎተተ። አልደርስ አለ። ጥርሱን ነክሶ ጎተተ። ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ አብሮት ይጎትት ጀመር፤ ክንዱ ተንቋቋ፣ ጣቱ ጸጉሩን አልፎ ወረደ፣ አንድ ለስላሳ ነገር ነካና ነቃ።

ነግቷል። ቀኝ እጁ በአናቱ ላይ ዞሮ ግራ ጆሮው ላይ ተጋድሟል፤ ደንዝዟል፣ ሊያነሳው ቢል አልነሳ አለው። ናርዶስ ትራሱ ላይ ተንበርክካ ክንዱን በሁለት እጇ አንቃ ታለከልካለች። የዝናብ ቦቲዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋለች። በፌስታል አንድ ፎጣና ሁለት ሙዝ ይዛለች።

«ነካ» አለች።

«የማን?»

«ያንተ። የኔ እምቢ ብሏል፤ ባንተ እንሂድ።»

ስልኩ ጠራ። በዚህ ሰዓት ከጋሽ ተሰማ በቀር የሚደውል የለም። ናርዶስ ቀድማ አነሳችውና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። የጋሽ ተሰማ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶ ይሰማል፤ ሠላሳ ሰው ለሶደሬ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቶሎ ድረስ ይላሉ። ዘርይሁን ግራ እጁ ደህና ነበር። ስልኩን ሊቀበላት ይችል ነበር። ያን እጅ ቀስ አድርጎ ትራሱ ሥር ከተተው።

ናርዶስ ጋሽ ተሰማ እስኪጨርሱ በትዕግሥት አዳመጠቻቸው።

«አባዬ የለም» አለቻቸው። «ቢሾፍቱ ሄደናል።»