የካፒቴኑ የኮሶ ቀን

ሰው በየሁለት ወሩ አንድ ቀን በገዛ እጁ ካልታመመ ጤና አይኖረውም። ሳቁ፣ ግድ የለም… ሰምታችሁ ስታበቁ ደግሞ እንነጋገራለን።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ የልጅ ልጄ ናት። ነርስ ናት፤ ሰሞኑን ልትጠይቀኝ መጥታ ክንዴን በጨርቅ ጠፍራ አየር ስትነፋበት ቆየችና ወደ ጥያቄ ገባች። «አባባ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል? ሐሳብ ያበዛሉ? በጸሎትስ እንዴት ነዎት?» ጤና ማለት ሥጋም፣ ነፍስም፣ አእምሮም ነው፤ ሦስቱም ለየብቻ መታየት አለባቸው ትለኛለች። «ልጄ፣ እኛ ሦስቱንም በአንድ ዋንጫ ነበር የምንጨርሳቸው» አልኳት። አልገባትም። እናንተም ሳይገባችሁ እንዳይቀር ከኮሶ ልጀምር።

ኮሶ የዛፍ አበባ ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠውን እንግዳ… ትሉን ማለቴ ነው… ጠራርጎ የሚያስወጣው እሱ ነው። ምሬቱን ተዉት፤ አማርኛችን የመረረውን ነገር ሁሉ «ኮሶ ሆነብኝ» የሚለው ከዚያ የባሰ ቃል ቢያጣ ነው። ሥጋችሁ በዚህ ይጸዳል። ነፍስም አይቀርባትም፤ ከቀትር በፊት «ማርያም፣ ማርያም» ካላላችሁ ኮሶው አሮጌ ነው። የነፍስ አባቴ አንድ ቀን በጓሮ ሲያልፉ ሰምተውኝ «እንዲህ ያለ ጸሎት በዐቢይ ጾምም አልሰማሁብህ» ብለውኛል። ከሁሉ የሚያርፈው ግን አእምሮ ነው፤ ኮሶ የጠጣን ሰው ማንም አያናግረውም። ከደጅ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ከሳሽ ይመለሳል፣ ዳኛ ቀጠሮ ይለውጣል፣ ጌታው የጠጣበት አሽከርም ቀኑን ሙሉ የራሱ ነው። ይችን የአሽከሩን ነገር ያዙልኝ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በይጁቤ መንገድ፣ ከሚስቴ ከየሺና ከእናቷ ከእመት ጥሩወርቅ ጋር እኖራለሁ። እመት ጥሩወርቅ የድሮ ወግ አጥባቂ ናቸውና አማቻቸውን ፊት ለፊት አያናግሩም፤ አጠገባቸው ብቀመጥም ለእኔ ያላቸውን ሁሉ የሚናገሩት ለልጃቸው ነው። የሺ አንድ ወንድም አላት፤ አዳሙ ይባላል፤ አርበኛ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ቆላ ወርዷል። የተቀመጡበትን ዋሻ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ስንቅ አደርስላቸው ነበር።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አንድ ሠርግ ላይ ጠላው ወደ ላይ ወጣና «የቆላውን መውረጃ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለካ ከጎኔ የጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ገብሬ ተቀምጧል። ገብሬ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሰማውን ይዞ ማደር ስለማይሆንለት ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ እሑድ ከሰዓት መልእክት መጣ። ካፒቴኑ ነገ ማለዳ አርበኞቹን ፍለጋ ቆላ ይወርዳል፣ መንገዱን የምመራው እኔ ነኝ።

ከተጋባን ጀምሮ «አንቱ» ስትለኝ የኖረችው የሺ በዚያን ቀን «አንተ» አለችኝ።

«አንተ፣ መርተህ ወንድሜን ብታስገድል እዚህ ቤት አትመለስ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ይሰቅሉሃል።»

«እና ምን ይሻለኛል?»

የሺ አለቀሰች። ጥግ ይዘው ምስር የሚለቅሙት እመት ጥሩወርቅ ግን ቀና እንኳን ሳይሉ «የሺ፣ ምን ያስለቅስሻል? ባልሽ ነገ ኮሶ ይጠጣ በዪው» አሉ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። የሺ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቆላው ገሰገሰች። ወርዳ፣ ወንድሟን አግኝታ፣ ሰዎቹ ዋሻውን ለቀው እስኪሻገሩ ሁለት ቀን ይፈጃል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ተጋደምኩ። ከኮሶው ግን ጠብታ አልቀመስኩም፤ ጤነኛ ሰው ምን በወጣው?

ካፒቴኑ በቅሎው ላይ ሆኖ ከነባንዶቹ ደጅ ደረሰ። እመት ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው «ኮሶ ጠጥቷል» አሉ። ባንዶቹ ያው ያገራችን ልጆች ናቸው፤ ይህን ሲሰሙ «ያሽረው» ብለው ወደ ኋላ መሰስ አሉ። ፈረንጁ ግን ምን ያውቃል? ነገሩን ገብሬ በእጁም በሆዱም እያሳየ ካስረዳው በኋላ ዘው ብሎ ቤት ገባና ጋቢዬን ገለጠ። በሽታ ከየት ይምጣ፤ በሙሽርነት ቅቤ የወዛ ጉንጭ ነው ያገኘው።

«ካፒቴኑ ይህ ሰው ኮሶ አልጠጣም ይላል» አለ ገብሬ እየተረጎመ። «ጠጥቶም ከሆነ ቢደግም አይጎዳውም፤ ፊቴ ይጠጣ ይላል።»

የሺ ስለሌለች እመት ጥሩወርቅ ምሰሶውን ያናግሩ ጀመር። «ምሰሶ ሆይ፣ በኮሶ አይዋሽም ብዬ አስቀድሜ በጥብጬዋለሁ፤ ይኸው ጠያቂ መጣ» ብለው ከመሶቡ ጀርባ ሙሉ ዋንጫ አወጡ። አማት ያለው ሰው ምን ጠላት ያስፈልገዋል?

ጠጣሁ። ምን ልበላችሁ… መጀመሪያ የመረረው ጆሮዬን ነው። ካፒቴኑ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጥቂት እንደቆየ ሆዴ እንደ ክረምት ወንዝ ጮኸ፤ «ማርያም!» ብዬ ተነሣሁና ሰውየውን ከነወንበሩ ገፍትሬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በዚያ ዘመን የጣሊያን መኮንን ገፍትሮ የሚያልፍ ሰው ወይ አርበኛ ነው ወይ ኮሶ ጠጥቷል።

ስመለስ አምኗል። «እንግዲያው ነገ ማለዳ» አለ። ነገ! አንድ ቀን ጎደለን። አዳሙ ዋሻውን ሳይለቅ ልንደርስበት ነው። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፤ የየሺ ፊት መጣብኝ።

ካፒቴኑ ግን ቶሎ አልወጣም። ወደ ገብሬ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለው። ገብሬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመይቴ፣ ይህ ነገር ለምን ለምን ይሆናል?»

እመት ጥሩወርቅ ካፒቴኑን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል፣ ኮሌታው አንገቱን ሰፍቶታል።

«ጌታህ ጥሬ ሥጋ ይወዳል?»

«ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ ሌላ ምን ይበላል? ቁርጡን በሚጥሚጣ ሲያወርደው ለጉድ ነው። ግን ይከሳል።»

«የሚበላው እሱ አይደለማ» አሉ።

ገብሬ ይህን መተርጎሙን ተወው። ካፒቴኑ ግን ያለ አስተርጓሚ ሳይገባው አልቀረም፤ ጆሮው ቀልቶ በቅሎው ላይ ወጣና ሄደ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መኮንን ደግሞ በባንዶቹ ፊት ሆዴ ውስጥ ትል አለ አይልም።

ቀትር ላይ ገብሬ ብቻውን ተመለሰ። ባዶ የውሃ ኮዳ ይዟል።

«እመይቴ፣ ለአንድ ወዳጄ ነበር…»

«ወዳጅህ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«በቅሎ ላይ ሲቀመጥ ያምርበታል።»

እመት ጥሩወርቅ ኮዳውን እስከ አፉ ሞሉለት። ለጀማሪ ግማሹ እንደሚበቃ አሳምረው ያውቃሉ።

«ምን ያህል ይጠጣ?» አለ ገብሬ። «ነገ መንገድ አለበት።»

«የእንግዳ ነገር አይጎድልም፤ ሁሉንም ይጠጣ። ጎህ ሲቀድ ከጠጣ ፀሐይ ስትወጣ ቀሎት በቅሎው ላይ ይፈናጠጣል።»

ማክሰኞ ማለዳ ደጅ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ፀሐይ ወጣች፣ ማንም የለም። ረፈደ… ማንም። በመጨረሻ ባንዶቹ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ እየተሣሣቁ በመንገዱ ብቅ አሉ።

«ዘመቻውስ?» አልኳቸው።

«ጌታችን ኮሶ ጠጥቷል፤ ዛሬ ቀኑ የኛ ነው» ብለውኝ ወደየቤታቸው አለፉ።

ካፒቴኑ ቢቆጣ ማን ይሰማዋል? የሚቆጣው ከጓሮ ሆኖ ነው። ገብሬ እንደነገረኝ ከቀትር በፊት እሱም በቋንቋው ማርያምን ጠርቷል።

ረቡዕ መርቼ አወረድኳቸው። ዋሻው ባዶ ነው፣ አመዱም ቀዝቅዟል። ካፒቴኑ ሰውነቱ ቀሎት፣ እያፏጨ ነበር የመጣው፤ ቁጣም አላማረው። ቤት ስደርስ የሺ በሩ ላይ ቆማ «ደህና ገቡ?» አለችኝ። አንቱታዬ ተመልሶልኝ ነው እኮ! ከደስታ ብዛት ዕንባዬ መጣ።

ያበቃ መሰላችሁ? ሰውየው ዳነ፣ ጉንጩ ሞላ፤ ጥሬ ሥጋውን ግን አልተወም። እናም በየሁለት ወሩ ገብሬ ኮዳውን ይዞ ከች ይላል። በማግስቱ ባንዶቹ ወደየቤታቸው፣ ካፒቴኑ ወደ ጓሮ፣ አዳሙ ደግሞ ቀኑን ቆጥሮ ከቆላ ወደ እናቱ ቤት። ጾም ካልሆነ ቁርጥ ይቀርብለታል፤ እመት ጥሩወርቅ ፊቱን እያዩ ሲስቁ ይውላሉ። እናትና ልጅ ያንን ክፉ ዘመን የተሻገሩት እንዲህ አንዳንድ ቀን እየተያዩ ነው።

እኔስ? እንኳን ጠየቃችሁኝ። ካፒቴኑ ብቻውን መጠጣት አልሆንልህ አለው። ኮዳውን በላከ ቁጥር «ያ ሰውዬስ አብሮኝ ይጠጣል?» ብሎ ያስጠይቃል። እመት ጥሩወርቅም ወደ ምሰሶው ዞረው «ምሰሶ ሆይ፣ አማቼ ካልጠጣ እኮ ፈረንጁ ይጠረጥራል» ይላሉ። አዳሙ ቤት ውስጥ ቁርጡን ሲያወራርድ እኔ ከጓሮ ማርያምን እጠራለሁ።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ጨርቁን ከክንዴ ፈታችና «አባባ፣ እርስዎም እኮ አርበኛ ነዎት» አለችኝ። እንጃ። ለአገሩ ደሙን ያፈሰሰ አለ፣ አጥንቱን የከሰከሰ አለ… እኔ ያፈሰስኩትን ግን እናንተው ገምቱት።