የእትዬ ቬርና ዛፍ

የራሱን ጣጣ ትቶ የሰው ዛፍ የሚያስታምም ሰው የሌለበት መንደር የለም። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ያለችው የኛ መንደር ደግሞ ተመርቃ ክብርት እትዬ ቬርና ፒንካምን አገኘች።

እትዬ ቬርና "እንደምን አደርክ" አይሉም። አጥሬ ላይ ተንጠልጥለው፣ "ቢችህ አሞታል!" ነው የሚሉት፤ ቢች በየጓሯችን የበቀለው ግንዱ ልስልስ ያለ ዛፍ ነው። ከአንገታቸው አጉሊ መነጽር፣ ከኪሳቸው ብሩሽ አይጠፋም። የቢች ግንድ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካዩማ አለቀልህ።

"ይሄ ሻጋታ እንዳይመስልህ፤ ተባይ ነው! ጥጡን ተከናንቦ ዛፍህን ይመጠምጣል። እሱ በበሳው በኩል ደግሞ ፈንገስ ይገባል፤ ያኔ ዛፌ ብለህ አልቅስ!"

ጎረቤቴ ድዋይት አንዴ ግንዱን በሽቦ ብሩሽ ሲፈትግ ተያዘ። "አንተ! ያረረ ድስት መሰለህ? ቆዳው ስስ ነው! ለስላሳ ብሩሽና የሳሙና ውሃ!" ብለው መንደር እስኪሰማ አዋረዱት። ሰውዬው እኮ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው።

ባለፈው መከር ግን ጉድ ፈላ። ጫካው ውስጥ ለእግረኞች መንገድ ማሳያ ዛፎቹ ላይ የተቀባውን ነጭ ቀለም፣ እትዬ ቬርና ተባይ ነው ብለው ፈትገው አጠፉት። ቀለም እንዴት በሳሙና እንደለቀቀ እግዜር ይወቅ። ተራራ ሊወጡ የመጡት እንግዶች የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ሲዞሩ ተገኙ።

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ዓይናቸው ከድቷቸዋል ማለት ነው።

ሄጄ የራሳቸውን ቢች አየሁት። ባላቸው ሎዌል ሊያገባቸው ሲል የሁለቱን ስም የቀረጸበት ዛፍ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግንዱን ደገፍ ብለው ያወሩታል። ፊደሎቹ በነጭ ጥጥ ተሞልተዋል። ያ ዛፍ ቢሞት እሳቸውም የሚተርፉ አልመሰለኝም። ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? "የኔን ዛፍ ተባይ አይደፍረውም" የሚሉ ሴት ናቸው።

ከድዋይት ጋር ተማከርን። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ለቤተ ክርስቲያኑ እራት ባቄላ ሊቀቅሉ ሲሄዱ፣ እኛ ባልዲና ብሩሽ ይዘን በጓሮ እንገባለን።

"ስንት ሌባ አስሬ፣ በስተርጅና አጥር ልዝለል?" ይላል ድዋይት እያቃሰተ። የበረዶው ክረምት ሲወጣ፣ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ፣ ተባዩን አፍኖ የሚገድል የዛፍ ዘይትም ረጨንለት።

ባለፈው እሁድ አስጠርተውኝ ዛፋቸው ሥር አቆሙኝ።

"አየህ? ዛፍ እንዲህ ነው የሚያዝ!"

"እውነትዎን ነው እትዬ ቬርና፤ እጅዎ የተባረከ ነው።"

የሎዌልን ስም በጣታቸው ዳሰሱት።

"ዓይኔ እንጂ ጣቴ አልታወረም" አሉ። "በሰሜን በኩል፣ ከትልቁ ቅርንጫፍ ሥር አልደረሳችሁበትም። ቅዳሜ መሰላል ይዛችሁ ኑ፤ ለዳኛው ባቄላ አስቀምጥለታለሁ።"

አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል ከኋላዬ ጮኹ፦

"ደግሞ አጥር አትዝለሉ፤ በር አለኝ!"