ለስልኬ ብቻ የነገርኩት ምስጢር

ልጇን ከሰው ዓይን በመሸሸግ የአገራችንን እናት የሚያህላት የለም። ሕፃን ታቅፋ ስትወጣ ፊቱን በነጠላ ትሸፍናለች፤ «እንዴት ያምራል!» ያላት ካለ ደግሞ «ኧረ ሲያመው ነው የሰነበተው» ብላ ጤነኛውን ልጅ ታሳምመዋለች። እኔም እንዲያው ነበርኩ። ልጄ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እንኳን ጎረቤት፣ የገዛ አክስቷም በቅጡ አላየቻት።

ከዚያ ስልክ ገዛሁ።

መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስና አንሶላ እሸጣለሁ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ ገበያ ያጣች ነጋዴ ደግሞ ልጇን ትቀርጻለች። ጥርሷ ሲወልቅ ቀርጬ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩ። ድመት አይታ ስትጮህ ለቀቅኩ። ዩኒፎርሟን ለብሳ ከሰርቪስ ስትወርድ፣ ሱቄ ውስጥ የቤት ሥራ ስትሠራ፣ ምኑን ትቼ! አንዳንዴ «እማ፣ ይሄንንስ አትልቀቂው» ትለኛለች። «ዝም በይ፣ የሚያይሽ ሁሉ ይወድሻል» እላታለሁ።

ግን ጭራሽ ሞኝ አትበሉኝ፤ ጥንቃቄም ነበረኝ። የክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም፤ ክፉ ሰው ይዞት ምን እንደሚሠራበት ማን ያውቃል? የልጄን የምናውቀው እሷ ራሷ፣ እኔ፣ አባቷ፣ ክርስትና እናቷና የንስሐ አባታችን ብቻ ነን። ስለዚህ እንዲህ ስል መከርኳት፦ ልውሰድሽ የሚልሽ ሰው ከመጣ የክርስትና ስሜ ማነው ብለሽ ጠይቂ፤ ካላወቀው ጩኺ። የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጮች ሁሉ ቢሰበሰቡ እንዲህ ያለ ቁልፍ አይሠሩም ብዬ ኮራሁ።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሲከራከረኝ ሰዓቱ አለፈብኝ። ሱቁን ለጎረቤቴ ትቼ ሰርቪሱ ከሚያወርዳት ጥግ ስደርስ ልጄ የለችም። መርካቶ መሃል ልጅ ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይላል፣ ጋሪው ይገፋል፣ ታክሲው ይጮኻል፤ የልጅ ድምፅ በየት በኩል ይሰማ? «እመቤቴ፣ አደራሽን!» እያልኩ ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅም። ፈልጌ ፈልጌ ባጣት እያለቀስኩ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ልጄ የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች። አጠገቧ አይቻት የማላውቅ ሴትዮ ቆማለች። ጭራሽ እሷው ቀድማ ተቆጣችኝ፤ «አንቺ! ልጅ መንገድ ላይ ጥለሽ የት ትዞሪያለሽ?» አለችኝ።

አቅፌ፣ ስሜ፣ አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ ከማታውቂው ሰው ጋር ለምን ሄድሽ ብዬ ልጄን ጠየቅኳት። «ጠየቅኋት እኮ! ቶሎ ነው የመለሰችልኝ» አለች ኮራ ብላ።

ደነገጥኩ። ከየት ሰማችው? ሴትዮዋ ሳቀች። ለካ ጎጃም በረንዳ እህል የምትነግድ፣ በስልክ የምትከታተለን ሰው ናት። ልጅቷን ብቻዋን ቆማ ስታይ አሳዝናት ነው ያመጣቻት፤ ሱቄን እንደሆነ በየቪዲዮው ከነበሩ አሳይቻታለሁ። ስሙንስ? ለልደቷ ብዬ ክርስትና እናቷ የቀረጸችውን የክርስትናዋን ቪዲዮ ለቅቄ የለ! ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠሩታል። «አሜን ብዬ ጽፌልሽ ነበር እኮ፣ አላየሽውም?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ። ልብም ሰጥቻታለሁ።

እግዜር ይመስገን፣ የላከልኝ ደግ ሰው ነው። ግን ያንን ስም የሰማው ደግ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው? እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉንም አጠፋሁ። ለልጄም አዲስ የምስጢር ቃል አወጣሁላት፤ እናንተም እንዳትጠይቁኝ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ስልኩን ይዞ እየሳቀ መጣ። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን ጥላ፣ ፀጉሯ ተንጨባርሮ፣ በመርካቶ መሃል እየጮኸች ትሮጣለች። ዘፈንም ገብቶላታል። እኔ ነኝ! ተንጨረጨርኩ። ማን ፈቀደላቸው? እኔስ ክብር የለኝም ወይ?

ልጄ ስልኩን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችና «አይዞሽ እማ» አለችኝ፤ «የሚያይሽ ሁሉ ይወድሻል።»