ሦስት ጊዜ የተነከረው ብርቱካን

ልጆቼ፣ ጽናት ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ያንን የብርቱካን ማሸጊያ መጋዘንና የተከበሩ ሥራ አስኪያጁን ይመልከት። ብርቱካኑ ተለቅሞ ሲገባ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ይመረጣል፣ ይታሸጋል። መድኃኒቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ያው አንዱ ነው። እሳቸው ወረት አይወዱም።

ዘንድሮ ታዲያ ብርቱካኑ ገና ከመጋዘን ሳይወጣ አረንጓዴ ጢም ያበቅል ጀመር። ሥራ አስኪያጁ «መጠኑ በእጥፍ ይደግ» ሲሉ መመሪያ ሰጡ። ሻጋታው ባሰበት። አሁንም በእጥፍ ይደግ አሉ። ሻጋታው ወፈረ፣ አማረበት።

«ጌታዬ፣ ለምዶታል እኮ» አለች ሃያውን ዓመት ብርቱካን ስትመርጥ የኖረችው ሴትዮ። «ደካማ ደካማውን እየገደልን የማይሞተውን ለዘር አስቀረነው። የበሰበሰውን እበሩ ሥር እንከምራለን፣ ሳጥኑን ሳናጥብ መልሰን እንሞላለን። ሳጥኑ ይታጠብ፣ መድኃኒቱም ይቀየር።»

«እትዬ፣ ሻጋታ ትምህርት ቤት ገባ ነው የምትዪኝ?»

«እኛው አስተማርነው እንጂ።»

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ከጥልቅ ውይይት በኋላም ጥፋተኛው ተደረሰበት፤ የመራጯ ጥፍር ነው። ብርቱካኑን እየቧጨረች ለሻጋታ በር ከፍታለች ተባለ። ሦስት ልጆች የምታሳድግበትን ሥራ የሚያሳጣት የስንብት ደብዳቤ ተተይቦ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት።

ሥራ አስኪያጁ ግን ያለ ማስረጃ ሰው አያባርሩም። ጓንት አጥልቀው አንድ ብርቱካን በገዛ እጃቸው ከዛፍ ቆረጡ። ራሳቸው ገንዳው ውስጥ ሦስት ጊዜ ነከሩት። መሳቢያቸው ውስጥ ደብዳቤው ላይ አስቀምጠው ቆለፉበት።

«የእሷ ጥፍር ያልነካው እንዴት እንደሚያምር በአሥረኛው ቀን ታያላችሁ!»

በአሥረኛው ቀን መሳቢያው ኮሚቴው ፊት ተከፈተ። አረንጓዴ ብናኝ ቡን አለ፤ ጸሐፊዋን አስነጠሳት። በብርቱካኑ ቦታ የሻጋታ ጉብታ ተኮፍሷል። ደብዳቤው ርሶ ተበልቷል፤ ፊርማው የቱ ጋ እንደነበር እንኳ አይለይም።

መራጯ አንገቷን አስግጋ አየች። «ይሄንንስ ማን ቧጨረው፣ ጌታዬ?»

ኮሚቴው ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ከአባላቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ብቻ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ሌላ ደብዳቤ ይተየብ እንዴ?» አለ። «ከሆነ... በማን ስም?»

ሴትዮዋም ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራ አስኪያጁ መሳቢያውን ከነሻጋታው መዝዘው አወጡት። በመጨረሻ የመሪነት ግርማቸው ተመለሰላቸው።

«ወስዳችሁ ገንዳው ውስጥ ንከሩት» አሉ። «ሦስት ጊዜ።»