ለአማት የታሰበው ዓሣ

ስለ ዌንደል በሰፈሩ የሚወራው፣ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጀልባ ወድቆ የግድቡ ውሃ በጆሮው ገባ፣ እስካሁንም አልወጣም የሚል ነው። ውሸት ነው። የወደቀው ከጀልባ ሳይሆን ከፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ነው፤ ውሃ በአካባቢው አልነበረም። ሞኝም አይደለም። ሲጠየቅ ትንሽ ያስባል፤ አስቦ እስኪጨርስ ደግሞ ጠያቂው ሄዷል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የእህቱ ባል ዶይል ግን ሳይጠየቅ ይመልሳል። አላባማ ውስጥ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ሁለቱ በዶይል ጀልባ ወደ ግድቡ ሐይቅ መሃል እየወጡ ነው። ዶይል ከፊት ነው፣ ዌንደል ከኋላ። የጀልባው ባለቤት ከፊት ቆሞ ያጠምዳል፤ የተጋበዘው ከኋላ ሆኖ ባለቤቱ የተወለትን ውሃ ያጠምዳል። ጭቅጭቁ ከመነሻው ጀምሮ አልበረደም።

ዶይል፦ አውጣው አልኩህ።

ዌንደል፦ ምኑን?

ዶይል፦ ሙዙን ነዋ። ጀልባ ላይ ሙዝ ይዞ የወጣ ሰው ዓሣ ይዞ አይገባም። ይሄን የማያውቅ የዚህ አገር ልጅ አንተ ብቻ ነህ።

ዌንደል፦ ቁርስ አልበላሁም እኮ።

ዶይል፦ ዛሬ ቀልድ የለም ዌንደል። ሙዙ ከጀልባዬ ይውጣ።

[ዌንደል ሙዙን ልጦ በሁለት ጉርሻ ዋጠው። ልጣጩን ወደ ውሃው ወረወረ።]

ዌንደል፦ ወጣ።

ዶይል፦ ልጣጩ ነው የወጣው። ሙዙስ?

ዌንደል፦ ሆዴ ገባ።

ዶይል፦ ሆድህስ የት ነው ያለው?

[ዌንደል ሆዱን ያያል። ያስባል።]

ዌንደል፦ እዚሁ ነው። እኔም ልውጣ እንዴ?

ዶይል፦ ተወው፣ ተቀመጥ። ምን ላይ እንዳለን አልገባህም። አባትህ ከፋሲካ ጀምሮ አላናገሩኝም።

ዌንደል፦ አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ፊቱ ራሱ በርቷል።

ዶይል፦ ምን አልክ?

ዌንደል፦ ጤናው ደህና ነው ማለቴ ነው።

ዶይል፦ እኔ ምን አጠፋሁ? የመንጠቆ አስተሳሰርዎ ልክ አይደለም አልኳቸው። ልክ ስላልነበረ።

ዌንደል፦ በፓስተሩ ፊት ነው ያልከው። ስልሳ ዓመት እንደዚያ ሲያስር ኖሮ።

ዶይል፦ ስልሳ ዓመት ተሳስተዋል ማለት ነዋ። አሁን ደግሞ በእህትህ በኩል መልእክት ልከውብኛል፤ እስከ ሰኞ ጀልባዬን ከጀልባ ቤታቸው እንዳወጣ። የት ልወስዳት ነው? ሳሎን አላስገባት። ስለዚህ ዛሬ ማታ በልደታቸው ላይ በገዛ እጄ ያጠመድኩትን ዓሣ ጠብሼ አቀርብላቸዋለሁ። ይበላሉ፣ ልባቸው ይራራል፣ ጀልባዬም ቤቷ ትቀራለች። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ማንም ሥጋ ይዞ እንዳይመጣ፣ ዓሣው በእኔ ነው።

ዌንደል፦ ካልያዝንስ?

ዶይል፦ ካልያዝን ያ ሁሉ ሰው ጥቅል ጎመንና የበቆሎ ቂጣ በልቶ ይሄዳል። እኔና ጀልባዬ ደግሞ መንገድ ዳር እናድራለን።

ዌንደል፦ ታዲያ ለምን ዳር ዳሩን አናጠምድም? ዳር ላይ ዛፍ አለ። ጥላም አለ።

ዶይል፦ ዳር የሚያጠምደው ሕፃንና ጡረተኛ ነው። በዚህ ሙቀት ባስ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ዳር ላይ ምን ይሠራል? ውሃው እንደ ሾርባ ነው። አፈ ሰፊው ጌትዬ ጥልቁ ውስጥ ወርዶ ቀዝቀዝ ብሎታል። ይልቅ ና፣ ይሄን ስክሪን እይ።

ዌንደል፦ ቴሌቪዥን ነው?

ዶይል፦ ከጀልባዋ ሥር ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ይሄ ወፍራም መስመር የድሮው አውራ መንገድ ነው። ግድቡ ሳይሠራ በፊት መኪና ይሄድበት ነበር። እነዚህ ነጠብጣቦች ደግሞ ዓሦች ናቸው፤ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል።

ዌንደል፦ ምን እየጠበቁ ነው?

ዶይል፦ ትናንሾቹ ዓሦች በመንገዱ ሲያልፉ ትልልቆቹ ከጠርዝ ወጥተው ይመነትፏቸዋል።

ዌንደል፦ እንደ ትራፊክ ፖሊስ።

ዶይል፦ [ሳይወድ] እንደዚያ በለው። የእያንዳንዱን ጠባይ አውቃለሁ። ማጥመጃው ደመና ሲሆን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የጎማ ትል ቢሆን ይወዳሉ፣ ፀሐይ ሲሆን አረንጓዴ። ንፋስ ከደቡብ ከመጣ ቀስ ብለህ ትጎትታለህ፣ ከ... ቆይ። ጀልባ እየመጣ ነው። ዘንግህን ደብቅ።

ዌንደል፦ ለምን?

ዶይል፦ እዚህ ቦታ ዓሣ እንዳለ ሊያውቅብን ነው? ሳንድዊች እየበላን አስመስል።

ዌንደል፦ ሳንድዊቹ የታለ?

ዶይል፦ አስመስል ነው ያልኩህ።

[ዌንደል ባዶ እጁን ወደ አፉ እያደረሰ ያኝካል። አንድ ጀልባ እያለፈ ነው። ዶይል ሰማዩን አንጋጦ ያያል። ጀልባው ርቆ ሄደ።]

ዶይል፦ ይበቃል፣ አቁም።

ዌንደል፦ አልዋጥኩም።

ዶይል፦ ዌንደል፣ ከአሁን በኋላ ድምፅህን እንዳልሰማ። እነዚህ ዓሦች አንድ ቃል ከሰሙ መንጋው ይበተናል።

ዌንደል፦ አንተ እየተናገርክ ነው እኮ።

ዶይል፦ የእኔን ለምደውታል። ስልኬን ያዝና ፎቶ አንሳ፤ ሌላ ሥራ የለህም።

[ዶይል የጎማውን ትል ወረወረ። ክሩ ብዙ ወረደ። ቀስ እያለ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ጎተተው። ዘንጉ ድንገት እንደ ቀስት ተለመጠ።]

ዶይል፦ ያዝኩት። አልኩህ፣ አላልኩህም? ቀስ... ና ወዲህ አባቴ... ይኸው። ይሄን ጎረምሳ እይልኝ። ክንዴን ያክላል። አነሳኸው? ከጎኑም አንሳው።

[ዶይል የዓሣውን ግንባር ሳመ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ወደ ውሃው ለቀቀው።]

ዶይል፦ እደግ፣ ተመንደግ ልጄ።

ዌንደል፦ ዶይል...

ዶይል፦ ዝም። መንጋው አሁን ነው የነቃው።

[ትሉ እንደገና ወረደ። ዘንጉ እንደገና ተለመጠ።]

ዶይል፦ ይሄ ደግሞ ይብሳል። ሆዷን እያት፣ እርጉዝ ትመስላለች። አነሳሃት? [ሳማት፣ ለቀቃት።] እደጊ፣ ተመንደጊ።

[ዌንደል ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ወደ አፉ የማጉረስ ምልክት አሳየ።]

ዶይል፦ ራበህ? ሙዝህን በልተህ የለ እንዴ? ቻለው።

[ዌንደል ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ ያለውን የዓሣ ማቆያ ገንዳ ክዳን በጣቱ ጠቆመ።]

ዶይል፦ ደከመህ? ተቀመጥበት፣ ማን ከለከለህ።

[ዌንደል ክዳኑ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ አሰበ። ተነስቶ ወገቡን አጎነበሰ፣ በሌለ ከዘራ ተደግፎ ተራመደ፣ የሌለ ጢሙን አሻሸ።]

ዶይል፦ ወገብህንም ያምሃል? ሌላ ጊዜ ጤነኛ ሰው ነው ይዤ የምመጣው። አንሳ፣ አንሳ፣ ሦስተኛው መጣ።

[እንዲህ እየተባለ ረፋዱ አለፈ። ዶይል ይጎትታል፣ ይስማል፣ ይመርቃል፣ ይለቃል። ዌንደል ፎቶ ያነሳል። በመጨረሻ ክሩ ዝም አለ፤ ስክሪኑ ላይ መንገዱ ባዶውን ቀረ።]

ዶይል፦ በቃ፣ ተበተኑ። ግድ የለም፣ ይበቃናል። አየህ አይደል? ዳር ሆነህ ይሄን ታገኝ ነበር? አባትህ ሲያዩ እንባ ይቀድማቸዋል። በል ክዳኑን ክፈተውና ልያቸው።

[ዌንደል ተነስቶ ክዳኑን ከፈተ። ዶይል አጎንብሶ አየ። ንጹሕ ውሃ ነው።]

ዶይል፦ ዓሦቹስ?

ዌንደል፦ አሁን መናገር ይቻላል?

ዶይል፦ ተናገር እንጂ።

ዌንደል፦ ሳምካቸው፣ መረቅካቸው፣ ሄዱ።

[ዶይል እጁን ገንዳው ውስጥ ከትቶ ውሃውን አማሰለ።]

ዶይል፦ ሁሉንም?

ዌንደል፦ አንዷን እንዲያውም ሁለቴ። ከንፈሯ የተቀደደውን። ተመልሳ መጣች፣ ደግመህ ሳምካት።

ዶይል፦ እጄ ነው። እጄ ነው ዌንደል። በአጥማጆች ማኅበራችን ደንብ ትልቅ ባስ ተይዞ ይለቀቃል፤ ሃያ ዓመት እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ፣ እጄ ሳይጠይቀኝ ነው የሠራው። አንተስ? ዐይንህ እያየ ለምን አልነገርከኝም?

ዌንደል፦ ነገርኩህ። መብል ሳሳይህ ራበህ አልከኝ፣ ገንዳውን ሳሳይህ ደከመህ አልከኝ። አባዬን ራሱን ሳመጣልህ ወገቤን አከምከኝ።

ዶይል፦ ትጮህብኝ ነበር እንጂ።

ዌንደል፦ በኋላ ላይ ደግሞ እያማረጥክ መሰለኝ። ሰውየው የሚያውቀው ነገር አለ፣ ከዚህ የሚበልጥ እየጠበቀ ነው አልኩ። አንተ መቼም የማታውቀው ነገር የለም።

ዶይል፦ ፎቶዎቹስ?

ዌንደል፦ ጥሩ ወጥተዋል። ዐይንህን ግን በሁሉም ላይ ጨፍነሃል። ስትስም ትጨፍናለህ።

[ዶይል ጀልባው ወለል ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ።]

ዶይል፦ አለቀልኝ። ያ ሁሉ ሰው ባዶ ሰሃን ይዞ ሲያየኝ ይታይህ። አባትህም ዛሬውኑ ጀልባዋን አስጎትተው ያስወጧታል... ስማኝ ወንድሜ። ለእህትህ ደውልላት። ዓሦቹ ተይዘው ነበር፣ ክዳኑን ሳልዘጋው አመለጡ በላት።

ዌንደል፦ ማነው ያልዘጋው?

ዶይል፦ አንተ ነሃ።

ዌንደል፦ እኔ እኮ ላዩ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ዶይል፦ አውቃለሁ። ግን ካንተ ሲመጣ ማንም አይገረምም። እኔ ነኝ ካልኩ ስሜ ይጠፋል፤ ያንተ ደግሞ... ተረዳኝ።

[ዌንደል ትንሽ አሰበ። ስልኩን አንስቶ ደወለ።]

ዌንደል፦ ኔልዳ፣ እኔ ነኝ። አዎ፣ ገና ሐይቁ ላይ ነን። የለም፣ ዓሣ የለም። ሁሉንም ለቀቃቸው... አዎ፣ እየሳመ። እሺ። እሺ፣ እነግረዋለሁ።

[ስልኩን ዘጋ።]

ዶይል፦ እንደዚያ ነው በላት ያልኩህ?

ዌንደል፦ የአንተኛውን ስናገር የምስቅ መሰለኝ።

ዶይል፦ ምን አለች? አለቀሰች?

ዌንደል፦ ዘይት ልጣድ አለች።

ዶይል፦ ምን ልትጠብስበት ነው?

ዌንደል፦ ዶሮ። ከትናንት ጀምሮ አሬራ ውስጥ ዘፍዝፋዋለች።

ዶይል፦ ከትናንት? እኔ ገና ከቤት ሳልወጣ? የገዛ ሚስቴ አላመነችኝም?

ዌንደል፦ አምናሃለች። ጀልባ ሙሉ ትይዛለህ ብላ ነው ያሰበችው። ዶሮው ለአባዬ ነው።

ዶይል፦ ለአባትህ ዓሣ አለላቸው አላልኩም?

ዌንደል፦ ዓሣ አይበላም።

[ዶይል ኮፍያውን አደረገ። መልሶ አወለቀ።]

ዶይል፦ አይበሉም ማለት ምን ማለት ነው? ዕድሜ ልካቸውን ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ዌንደል፦ ማጥመዱን ይወዳል። ሽታው ነው የማይስማማው። እናታችን በሕይወት እያለች እንኳ ውጭ ነበር የምትጠብሰው።

ዶይል፦ እኔ እኮ እዚያ ማዕድ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ዓሣ በቀረበ ቁጥር ሰሃናቸው ባዶ ነው የሚነሳው፣ በዐይኔ አይቻለሁ።

ዌንደል፦ ጎኑ የምትቀመጠው አንተ ነሃ። ቀስ አድርጎ ወደ አንተ ያሻግረዋል። አንተ እያወራህ ትበላዋለህ።

ዶይል፦ እና ማንም ሰው አንድ ቀን...

ዌንደል፦ ኔልዳ ሞክራ ነበር። በሠርጋችሁ ሰሞን። ስለ ውሃ ሙቀት እያስረዳሃት ነበርና አልጨረሰችልህም።

[ዶይል ሞተሩን ለማስነሳት ቁልፉን ያዘ፤ አላዞረውም። ውሃው ጀልባዋን ከሥር እየመታ ይሰማል።]

ዶይል፦ እሺ፣ ዶሮ ከሆነ ዶሮ ነው። አባትህ ይብሉ። እኔና አንተ ግን ሳምንት ተመልሰን መጥተን እነዚህን ዓሦች ለቅመን፣ ጠብሰን፣ ለብቻችን ነው የምንበላቸው። ካሣህ ነው፣ ወንድሜ።

[ዌንደል በዚህ ጊዜ ለማሰብ አልቆየም።]

ዌንደል፦ ዶይል፣ እኔስ ዓሣ የምበላ ሰው ነኝ?

[ዶይል መልሱ እዚያ ያለ ይመስል ስክሪኑን ያያል።]