የተመሰጠረው ፈተናና የሀብተሚካኤል ዝምታ

በፈጣሪ ቸርነት፥ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በወርኃ ሰኔ፥ ኮምፒውተር ወደ ሴቻ ሰፈሩ ትምህርት ቤታችን በገባ በሁለተኛው ዓመት፥ በዳይሬክተሩ በአቶ ሸዋንዳኝ ዘመነ ሹመት፥ እኔ ሀብተሚካኤል የጠመኔ መጋዘን ጠባቂ፥ ሌላ የሚጽፍልኝ እንደሌለ አውቄ፥ ገድሌን ራሴ ጻፍኩ።

አምና የማጠቃለያው ፈተና ቀድሞ ተማሪ እጅ በገባ ጊዜ፥ የማባዣው ማሽን በእኔ እጅ ነበርና፥ ዳይሬክተሩ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፦ «ያሾለከው ይህ ነው፤ ወደ መጋዘን ይውረድ» ብለው አወጁ። ወረድኩም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንኳ የሚያየኝ ሁሉ ያጉረመርማል።

ዘንድሮ ግን እኒሁ ሹም፥ አዋሳ ወርደው ሥልጠናውን ወስደው፥ አበሉንም በልተው፥ ምስጠራ የሚባል ጥበብ ይዘው ተመለሱ። ምስጠራ ማለት፥ እንደነገሩን፥ ጽሑፍን ሳጥን ውስጥ መቆለፍ አይደለም፤ ጽሑፉን ራሱን እንደተወናበደ የጨንቻ ሸማኔ ድር ማተረማመስ ነው እንጂ፤ ሌባ ሳጥኑን ቢሰብር ትርምስ ያገኛል፥ መልሶ የሚሸምነው ቁልፍ ቃሉን የያዘ ብቻ ነው። ፈተናውንም እንዲሁ መሰጠሩት።

የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፥ የጨንቻው ሽማግሌ አቶ በዛብህ ግን ተነሥተው፦ «በጉባኤ ያልታወቀ ቁልፍ የሌባ ቁልፍ ነው። ቃሉን ሁላችን እንወቀው፤ ከአፉ ያወጣ ግን ጎሜ ይሁንበት» ብለው አወጁ፤ ጎሜ የሀገሩ ነውርና መቅሠፍት ነው። ቃሉም ተነገረን፥ ሁላችንም ማልን።

ፈተናው በሚታተምበት ማለዳ፥ ተማሪው ግቢውን ሞልቶ ሳለ፥ ዳይሬክተሩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ላብ አጠመቃቸው፤ ቃሉን ረስተውታልና። ወዲህ ቢዞሩ የሒሳብ መምህሩ ጣሪያ ያያል፥ ወዲያ ቢዞሩ ጸሐፊዋ ባዩሽ ጥፍሯን ታያለች፥ ዘበኛውም ከግቢው ቁልቁል የሚታየውን ሐይቅ ዛሬ ገና ያየው ይመስል አፍጥጧል። ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉ ምሏል።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፥ አምና «ይህ» ያሉኝ ሹም፦ «አቶ ሀብተሚካኤል ሆይ፥ ማሾለክ ያውቁበታልና እባክዎ ዛሬ ለእኔ ያሹልኩልኝ» ብለው አወጁ።

እኔም እንደ ዋልታ ቆሜ፦ «ያላሾለክሁትን አሾለክህ ብለውኛል። በዚያው ሰው ፊት ያሉትን በዚሁ ሰው ፊት ያንሱ» ብዬ አወጅኩ።

ሰዓቱን አዩ፥ ተማሪውን አዩ፥ ባዩሽን አዩ። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፦ «አላሾለከም። ያለ ማስረጃ ነው ያወረድኩት» አሉ። ዘበኛው አልሰማሁም ብሎ አስደገማቸው፤ እግዜር ይስጠው።

ያን ጊዜ አፌን እንደዘጋሁ፥ ባዩሽ በለቀቀችልኝ ወንበር ተቀምጬ፥ በአንዲት ጣቴ ቃሉን መታሁት። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ፊደል አልታየም፤ ኮከብ ብቻ ተደረደረ፤ ትርምሱም ተሸምኖ ፈተና ሆነ። አቶ በዛብህም፦ «ጎሜው በአፍ ላይ ነው፤ የጣት ጎሜ የለም» ብለው ፈረዱ።

ወደ ማባዣ ክፍሌ አልመለሱኝም፤ ጠመኔዬን እየቆጠርኩ አለሁ። ነገር ግን ስሜ ነጽቷልና፥ የአፉ በር የማይሰበር፥ ሹምን በአደባባይ ያናዘዘ፥ ባለ አንድ ጣት ሀብተሚካኤል፥ ምስጋና ይድረሰው። ቃሉ ምን ነበር ለሚለኝም ጣቴን አሳየዋለሁ።