የሰማይ አቧራና ጋሼ ተፈራ

«ማን ሠራው?» ሳይሉ የማያልፉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔንማ እግዚአብሔር ከአለቃቸው ጋር አጎራብቶኛል። ሃርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ግቢ የሚጋሩን ጋሼ ተፈራ የግንበኞች ፎርማን ናቸው፤ ያለ ሠራተኛ ዝናብም የሚዘንብ አይመስላቸውም።

ባለፈው ሳምንት በማግስቱ ክፍል ውስጥ የማቀርበውን ጽሑፍ ለእናቴ ሳነብላት ጋሼ ደረሱ። እናቴም «ጋሼ ካልገባቸው ለማንም አይገባም፤ አታቀርቢም» ብላ ፈረደች። በቃ፣ ዕጣዬ እሳቸው እጅ ገባ!

«በከዋክብት መሃል ጥቃቅን አቧራ አለ» አልኩ። «አቧራው ላይ በረዶ ይጋገርበታል። ብቻቸውን ሲንከራተቱ የኖሩ አቶሞች እዚያ ያርፋሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይያያዛሉ፤ ትልልቅ ሞለኪውሎች ይሆናሉ።»

«ማን አቦካው?»

«ማንም።»

«ስንት ቀን ፈጀ?»

«ብዙ ሺህ ዓመታት።»

«አሃ! የኔ ሠራተኞች ናቸዋ!»

አመኑ ማለት ነው። ደስታ አፌን ከፈተውና «ከሚሠሩትም አንዱ አልኮል ነው» አልኩ። እናቴ ዘላ መስኮቱን ዘጋች። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ሃርጌሳ ውስጥ ይህን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር ማን አለ?

«አንቺ ልጅ፣ ከአገር ልታስባርሪን ነው? ነገ አፍሽን አትከፍቺም!»

«ኧረ የሚጠጣ አይደለም፣ መርዝ ነው!» አልኩ፣ እንባዬ ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው።

ጋሼ አገጫቸውን ዳበሱ። እንዲህ ያለ ከባድ ችሎት መቼም ታይቶ አይታወቅም።

«ወይዘሮ አስቴር» አሉ በመጨረሻ፣ «ዕቃው ገና ጉምሩክ አልደረሰም። ልጅቷ ትናገር።»

እናቴ ሳቋን እንዳናይባት ዞራ መስኮቱን መልሳ ከፈተች።